ስድስት ሳምንት ቀርቶናል፤ ከባዱን ሙዚቃ ልተወው?

ይህን ጥያቄ መወያያ ገጽ ላይ የለጠፍኩት እሑድ ማታ ነው። ዐርብ ዕለት በልምምድ ላይ የሰማሁት ነገር ሁለት ቀን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሳምንት አለፈ፣ 27 መልስም መጣ። አንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አንዳንዱ አናዶኛል። ልጆችን ለዳኛ የሚያዘጋጅ ሌላ መምህር ይጠቀምበታል ብዬ ስለማምን በራሴ ቃል ላውጋችሁ። ቁጥሮቹ መልሶቹ የመጡበት ተራ ናቸው።

መነሻው ጥያቄ

31 ልጆች አሉኝ፤ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 15 ነው። ፍሉት፣ ክላርኔት፣ ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ አንድ ቱባ፣ ሦስት የምት መሣሪያ ተጫዋቾች። የምንሄድበት የትምህርት ቤቶች የሙዚቃ ፌስቲቫል በዳኞች ፊት ነው። ሦስት ዳኞች ተራርቀው ተቀምጠው ይሰማሉ። ስለ ድምፅ ጥራት፣ ስለ ቅኝት፣ ስለ ምት፣ ስለ ሚዛን፣ ስለ አቀራረብ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ። ቡድን ከቡድን አይወዳደርም፤ ሁሉም የሚለካው በተጻፈው መስፈርት ነው። ከመድረክ ስንወርድ ደግሞ ሌላ ክፍል ገብተን፣ አይተነው የማናውቀውን ኖታ ጥቂት ደቂቃ አጥንተን እንጫወታለን።

ከሦስቱ ሙዚቃዎች ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ግን 33ኛው ሜዠር (ኖታው በቋሚ መስመር ከተከፈለባቸው ክፍሎች አንዱ) ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። ክላርኔቶቹ ፈጣን ኖታ መደርደር የሚጀምሩት እዚያ ነው። ስድስት ሜዠር ሳይሄዱ ግማሹ ቀድሞ፣ ግማሹ ቀርቶ፣ ሁሉም እኔን ያየኛል። ችግሩ ልጆቹ ከሦስቱ አብልጠው የሚወዱት ይህንኑ ነው። ክፍል ሲገቡ እንኳ እሱን እያፏጩ ነው። እና ጠየቅሁ፦ ስድስት ሳምንት ሲቀር ይህን ሙዚቃ ልተወው ወይስ ልቀጥል?

1ኛው መልስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰ። የጻፈችው ለብዙ ዓመታት ልጆችን ያዘጋጀች መምህርት ናት። በጣም በትሕትና ነው የመለሰችልኝ። መመዘኛዋ አንድ ነው። ስድስት ሳምንት ሲቀር፣ በተጻፈለት ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ እንኳ ልጆቹ ሳይቆሙ መጨረስ ካልቻሉ ሙዚቃው ይቀየር። ስህተት ቢኖርም ግድ የላትም። ዋናው ነገር አለመቆም ነው። ከጨረሱ ግን ስድስት ሳምንት በቂ መሆኑን አረጋገጠችልኝ።

2ኛው አጭር ነበር። ከ1ኛዋ ጋር ከተስማማ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ። ሙዚቃ የሚመረጠው ልጆቹ በጥሩ ቀናቸው በሚችሉት ልክ አይደለም። ሁለት ልጅ ታሞ በቀረበት፣ አውቶቡሱ በዘገየበት፣ በቅጡ ሳይሟሟቁ መድረክ በወጡበት ቀን በሚችሉት ልክ ነው። ይህቺን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኳት።

3ኛው አንጀቴን በላው። ጸሐፊው በ13 ዓመቱ ትሮምቦን ይነፋ ነበር። አንድ ቀን መምህሩ ክፍል ገብቶ፣ ምንም ሳይናገር በየወንበሩ እየዞረ ከልጆቹ ፎልደር ውስጥ የአንዱን ሙዚቃ ወረቀት ሰበሰበ። በምትኩ ቀላል አደለ። ሰውየው ዛሬ የራሱ ልጆች አሉት። በዚያ ዓመት ያገኙትን ውጤት አያስታውስም። ወረቀቱ ከፎልደሩ ሲሳብ ያሰማውን ድምፅ ግን እስካሁን ያስታውሳል። ለእሱ ያ ዝምታ እንደማይችሉ የተነገራቸው ያህል ነበር። እንዳልተው ለመነኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያን ማታ ሌላ መልስ መክፈት አልቻልኩም።

4ኛዋ ሁላችንንም ገሠጸች። ማንም ያልሰማውን ሙዚቃ እንዴት ይቀየር አይቀየር እንደምንል ገርሟታል። ቅጂ ጠየቀች። ትክክል ናት። ሰኞ ጠዋት የልጆቹ ምስል የሌለበት፣ ድምፅ ብቻ የሆነ የ40 ሰከንድ ቅጂ ለጠፍኩ።

5ኛው ነገሩን ገለበጠው። ከበሮ ተጫዋች ነው። ቅጂውን በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሞ ሰምቶ የክላርኔቶቹ ጣት ምንም እንዳልሆነ ጻፈ። የሚሮጠው ከሥር ያለው ምት ነው። ቱባውና ትሮምቦኖቹ በምትና በምት መካከል የሚገቡ አጫጭር ኖታዎች አሏቸው። እነሱ በትንሽ በትንሹ ይቀድማሉ። ከበሮው እነሱን ይከተላል። ክላርኔቶቹ ደግሞ ከእግራቸው ሥር በሚሸሽ መሬት ላይ ሊሮጡ ይሞክራሉ። ለክቶታልም፦ 33ኛው ሜዠር ላይ በደቂቃ 96 የነበረው ምት 38ኛው ላይ 108 ደርሷል። እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክላርኔቶቹን ብቻ ለይቼ ሳስለማምድ ነበር። አንዲቷ ልጅ ከልምምድ በኋላ ብቻዋን ቀርታ እስክትሰለች ደጋግማዋለች። ያን ሳስብ በጣም አዘንኩ።

መድኃኒቱንም ነገረኝ። ሜትሮኖሙ፣ ማለትም ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ በየምቱ አይምታ። መጀመሪያ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ብቻ። ቀጥሎ በየሜዠሩ መጀመሪያ አንዴ። በመጨረሻ ሁለት ሜዠር ይምታ፣ ሁለት ሜዠር ዝም ይበል። ከዝምታው በኋላ ልጆቹና ሜትሮኖሙ ከተገናኙ ምቱ በልጆቹ ውስጥ አለ ማለት ነው። ካልተገናኙ እስካሁን ሲሸከማቸው የነበረው መሣሪያው ነው።

በማግስቱ ሞከርኩት። ሌሎቹን ዝም አሰኝቼ ቱባውን፣ ትሮምቦኖቹንና ከበሮውን ብቻ አስጀመርኩ። ሜትሮኖሙ ለሁለት ሜዠር ዝም አለ። ተመልሶ ሲመታ ልጆቹ ግማሽ ምት ቀድመውት ነበር። ከበሮ የሚመታው ልጅ እጁን አየር ላይ አቁሞ አየኝ። ማንም አልተናገረም። እንደገና ጀመርን። በስድስተኛው ሙከራ ላይ የቱባው ልጅ የጫማው አፍንጫ ከፍ ዝቅ ሲል አየሁ፤ እየቆጠረ ነው። በዘጠነኛው ሜትሮኖሙ ሲመለስ ድምፁን አልሰማሁትም። ከከበሮው ምት ጋር አንድ ላይ ወድቆ ከሥሩ ተሸፍኗል። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ክላርኔቶቹን ጨመርኳቸው። በዝግታ ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው ሄድን። የ1ኛዋን መመዘኛ አለፍን።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ስለ ሜትሮኖም ተከራከሩ። 6ኛው ሜትሮኖም ሙዚቃን ይገድላል ባይ ነው፤ የጥንቶቹ ያለ እሱ ኖረዋል። 7ኛዋ በ1815 ሜልትሰል የሚባል ሰው የፈጠራ መብት እንዳስመዘገበበትና ቤትሆቨን ራሱ በጣም ወዶት በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የፍጥነት ቁጥር ማውጣቱን አስታወሰችው። 8ኛው ደግሞ ሐሳቡ የሜልትሰል ሳይሆን አምስተርዳም ይኖር የነበረው የዊንክል መሆኑን አረማት። ሁሉም እውነት ነው፤ ለልጆቼ ግን ብዙም አልጠቀመም።

9ኛውን መልስ የጻፉት ጡረታ የወጡ የፒያኖ መምህር ናቸው። የጻፉትን ማንበብ ራሱ ያረጋጋል። ምቱ ከተስተካከለ በኋላም ፈጣኑን ቦታ እንዴት እንደምይዘው በዝርዝር አስረዱኝ። ከመጨረሻው ሜዠር ተነስቶ ወደ ኋላ መጨመር ነው። ልጁ ሁልጊዜ ወደሚያውቀው ቦታ ስለሚሄድ እየቀረበ ሲመጣ አይፈራም። ከዚያ አንዱን ኖታ ረጅም፣ ቀጣዩን አጭር እያደረጉ መጫወት፣ ቀጥሎም መገልበጥ። በ2009 የታተመ አንድ ጥናትም ጠቀሱ። 17 የፒያኖ ተማሪዎች አንድ አጭር ከባድ ቦታ እንዲያጠኑ ተደርጎ በማግስቱ ተፈተኑ። የተሻሉት ብዙ ሰዓት ያጠኑት ወይም ብዙ ጊዜ የደጋገሙት አልነበሩም። እነሱም ይሳሳታሉ። ልዩነታቸው ስህተቱን ወዲያው ለይተው፣ እዚያችው ቦታ ላይ ዝግ ብለው፣ እስኪጠራ አለመልቀቃቸው ነው። ጋሼ ብዬ አመሰገንኳቸው።

10ኛዋ ይህን ይዛ ወደ ወላጆች ዞረች። ልጄ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይለማመዳል የሚል ወላጅ ሰልችቷታል። ልጁ ያን ሰዓት የሚያጠፋው የሚችለውን ቦታ ደጋግሞ በመጫወት ከሆነ ጊዜ ቆጠረ እንጂ አልተለማመደም። ቃላቷ ጠንከር ያሉ ነበሩ። እኔ ግን ያን ሳምንት ለየልጁ ትንሽ ወረቀት ሰጠሁ፤ የዛሬው ችግር ያለበትን ሜዠር ቁጥር ብቻ የሚጽፍበት። ሰዓት እንዲሞላ አልጠየቅሁም።

11ኛው ያለፈውን ዓመት የዳኞች ወረቀት አንስቶ ስለ ቅኝት ጠየቀኝ። ጥያቄዬን በለጠፍኩ በ3ኛው ቀን፣ አምና ሁለቱ ዳኞች ስለ ቅኝት እንደጻፉብን ነግሬያቸው ነበር። እሱ ሙቀትን ነው የጠረጠረው። አየር ሲሞቅ ድምፅ በውስጡ ይፈጥናል፤ የትንፋሽ መሣሪያም ቅኝቱ ከፍ ይላል። ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 3 ሴንት ይጠጋል፤ ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው። የክር መሣሪያ ግን ሲሞቅ ክሩ ስለሚላላ ይወርዳል። ስለዚህ በቀዝቃዛ ክፍል ተቃኝቶ ሞቃት መድረክ ላይ የሚወጣ ቡድን ሳያጠፋ ያጠፋል። ምክሩ፦ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ነፍቶ መሣሪያውን ማሞቅ፣ ከዚያ ላ የምትባለውን ኖታ በ440 ኸርዝ (በሰከንድ 440 ንዝረት) መቃኘት፣ ተራ እስኪደርስም በመሣሪያው ውስጥ ቀስ ብሎ ትንፋሽ ማሳለፍ።

አንድ ነገር ደግሞ አከለ፣ እሱን ወደድኩት። ሁለት ልጆች ተመሳሳይ ኖታ ይንፉ። አንዱ 440፣ ሌላው 443 ከሆነ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ ይሰማል። ሲቀራረቡ ውዝዋዜው ይዘገያል። ሲገናኙ ይጠፋል። ቱነር (ቅኝት የሚለካ መሣሪያ) አያስፈልግም። ሐሙስ ዕለት ሁለት ክላርኔቶች ፊት ለፊት አስቀምጬ ሞከርኩት። አንዷ የክላርኔቷን በርሜል በትንሹ ስትስብ ክፍሉ በሙሉ ውዝዋዜው ሲዘገይ ሰማ። ዋው፣ ዋው ይል የነበረው ዋ…ው፣ ዋ…ው ሆነ። ከዚያ ቀጥ አለ። ከኋላ የተቀመጠ ትራምፔተኛ ልጅ ሳያስበው እጁን አነሳ፤ ተራው እንዲደርሰው ፈልጎ ነው። ልጆች ቅኝትን በጆሯቸው ሲይዙት እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም።

12ኛው የመጣው ለማረም ነው። የቱነር መርፌ መሀል ላይ መቆሙ ብቻውን እውነት አይደለም። ዶ፣ ሚ፣ ሶል አብረው ሲነፉ ሚ የምትነፋው ልጅ መርፌው ከሚያሳያት ወደ 14 ሴንት ዝቅ ካላለች አኮርዱ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚሰማው ድምፅ፣ አይጠራም። መርፌውን ብቻ የሚያይ ቡድን እያንዳንዱ ልጅ ልክ ሆኖ፣ አንድ ላይ ግን ሻካራ ይሆናል። እስከዚህ ድረስ መልካም። ከዚያ ግን ይህን የማያውቅ ሰው ልጆች ፊት መቆም እንደሌለበት ጨመረ። እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው።

13ኛዋ ተቆጣች። የ12 ዓመት ልጅ ስለ ሴንት ምን አገባው ነው ነገሯ። እሷ የምታስተምረው ብቻዋን፣ ለ60 ልጆች፣ በአንድ ክፍል ነው። አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ መጥቶ እንዲመዝናት አትፈልግም። 14ኛው እሷን ደግፎ 12ኛውን ዕውቀቱን ለማሳየት የመጣ ሰው አደረገው። 15ኛው ራሱ 12ኛው ነበር። ተናዶ ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ስለ አጻጻፉ ይቅርታ ጠየቀ። ቀጥሎ ስለ ሴንት አንድም ቃል ሳያነሳ እንዴት እንደሚያስተምረው ነገረን። ልጆቹ መሣሪያውን አስቀምጠው አኮርዱን በአፋቸው ያንጎራጉሩታል። አፍ ሚን ራሱ ዝቅ ያደርጋታል። ከዚያ መሣሪያውን አንስተው የዘፈኑትን ይፈልጋሉ። 13ኛዋ ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ መሞከሯን ጻፈች። እኔ ስፈርድ 12ኛው በነገሩ ልክ ነበር፣ በአነጋገሩ ግን ብቻዋን የምትለፋ መምህርትን ጎድቷል። ይቅርታው ደግሞ ከልቡ ነበር።

16ኛዋ እናት ናት። ልጇ ምን ዓይነት ጫማ ያድርግ? ከዚህች ጥያቄ በኋላ ወሬው ለአንድ ቀን ያህል ስለ ጫማና ሸሚዝ ሆነ፤ የተለጠፉት ኋላ ስለተሰረዙ ቁጥር የላቸውም። አንድ ነገር ብቻ ልያዝላችሁ፦ ለዕለቱ ብሎ አዲስ ሪድ (ክላርኔትና ሳክስፎን አፍ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸንበቆ ቁራጭ) መክፈት አይገባም። ሦስት አራት ሪድ ከሳምንታት በፊት ጀምሮ እያፈራረቁ ማለማመድና ከመካከላቸው ሁለቱን ይዞ መሄድ ነው። ለጫማም ያው ነው፤ ከዚያ በፊት ተደርጎ የታወቀ ይሁን።

17ኛውን የጻፉት እሳቸው ራሳቸው ዳኛ ናቸው። ዳኛ በዚያች አጭር ጊዜ ምን እንደሚሰማ በግልጽ ነገሩን። የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሰከንዶች ብዙ ይናገራሉ፤ ቡድኑ አብሮ ተንፍሶ አብሮ መጀመሩ ወዲያው ይታወቃል። ብዙ ጊዜ የሚጽፉት ስለ ሚዛን ነው። ዜማውን የያዘው መሣሪያ አይሰማም፣ አጃቢው ይጮኻል። እያንዳንዱ ልጅ በየትኛው ሜዠር ዜማው በማን እጅ እንዳለ ቢጠየቅ መመለስ አለበት። ለዳኛ የሚሰጠው ሙሉ ኖታ ሜዠሮቹ ቁጥር የተጻፈባቸው ይሁን፤ ካልሆነ ዳኛው አስተያየት መጻፍ ትቶ መቁጠር ይጀምራል። ፍጥነትን በተመለከተ ደግሞ ከተጻፈው ትንሽ ዝግ ብሎ የጸና ሙዚቃ፣ በልኩ ተጀምሮ ከሚፈርስ እንደሚሻል አረጋገጡልኝ። ውሳኔዬ ያኔ ግማሽ መንገድ ሄደ።

18ኛው አንድ ጥናት ይዞ መጣ። በ2013 የወጣ ነው፣ የቺያ-ጁንግ ጻይ። ሰዎች የትልልቅ የሙዚቃ ውድድር ተወዳዳሪዎችን ይሰሙ ወይም ያዩ ነበር። ድምፅ ብቻ የሰሙት አሸናፊውን መለየት አቃታቸው። ድምፅ የሌለው ምስል ብቻ ያዩት ግን ከአጋጣሚ በላይ ለዩት። ሙያተኞቹም እንደዚያው። ስለዚህ አገባብ፣ አቀማመጥና አነሳስ መለማመድ እንዳለበት ነው ሰውየው የደመደመው።

19ኛው ግን ይህን ሲያነብ ፈነዳ። ሙዚቃው ካልተሰማ ለምን ይለፋል? ለምን ልጆቹን ቆመው እንዲታዩ ብቻ አናሰለጥናቸውም? ከራሱም ታሪክ ጨመረ። ስሙን ባልጠቀሰው አንድ ፌስቲቫል ላይ ቡድኑ ከሁሉ ቀድሞ በጠዋት ገባ፣ ዝቅተኛ ነጥብ አገኘ። ከሰዓት የገባው ሌላ ቡድን የባሰ ተጫውቶ የተሻለ አገኘ። ልጆቹ አውቶቡስ ውስጥ አለቀሱ። ለዳኞች የተጠቀመባቸውን ቃላት እዚህ አልደግማቸውም።

20ኛው የዳኛው መልስ ነው። ስድብ ለደረሰበት ሰው እንዲህ የተረጋጋ መልስ ብርቅ ነው። ቅሬታው መሠረት የሌለው አይደለም ብለው ጀመሩ። በ1996 የታተመ፣ በብራሰልስ የሚካሄደውን የንግሥት ኤልሳቤጥ ውድድር የመረመረ ጥናት አለ። የመግቢያ ተራው በዕጣ የሚወጣ ሆኖ ሳለ ቀድመው የተጫወቱት ዝቅ ያለ ደረጃ ያገኙ ነበር። ዳኛ ሰው ነው። ለዚህም ነው ማን ከማን ይበልጣል ከሚለው ይልቅ የተጻፈ መስፈርት የሚሻለው፤ ለዚህም ነው ሦስቱ ዳኞች እንዳይነጋገሩ ተራርቀው የሚቀመጡት። ያለቀሱትን ልጆች በተመለከተ ግን ምክንያት አልደረደሩም። ማዘናቸውን ብቻ ጻፉ። 19ኛው ከዚያ ወዲያ በቁጣ አልጻፈም።

21ኛዋ በአንድ መስመር ወደ ጥያቄው እንድንመለስ ጠየቀች። ልጆቹ ሦስት ሳምንት ነው የቀራቸው።

22ኛዋ ተማሪ ናት። ከሁላችንም በዕድሜ ታንሳለች፤ ዝም ብላ ስታነበን ቆይታለች። ፍሉት ትነፋለች። ባለፈው ዓመት መድረክ ላይ ከንፈሯ ደርቆ፣ እጇ ተንቀጥቅጦ የመጀመሪያው ኖታ አልወጣ አላት። ሁላችሁም ስለ ዳኛና ስለ ቅኝት አወራችሁ፣ ስለዚህ ግን ማንም አላነሳም የሚል ነው መልእክቷ። ደነገጥኩ። ከእኔ 31 ልጆች ስንቱ እንዲህ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

23ኛው መጥፎ ነበር። የልብ ምት የሚቀንስ ክኒን መከራት፤ አዋቂ ሙዚቀኞች ይወስዱታል ብሎ። 24ኛዋ ነርስ ናት፤ ሳትለሳለስ መለሰችለት። ያ መድኃኒት አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ያለ ሐኪም ለማንም አይሰጥም። ለማያውቃት ልጅ በጽሑፍ ክኒን የሚያዝ ሰው ማፈር እንዳለበት ነገረችው። ቃሏ የተሳለ ነበር፣ መሆንም ነበረበት። አስተዳዳሪውን ጠይቄ የ23ኛው ጽሑፍ ተሸፍኗል።

25ኛው ለልጅቷ የሚጠቅም ይዞ መጣ። ፍርሃት የሚለመደው እንደ ኖታው በልምምድ ነው። ሌላ ክፍል ተማሪዎች ፊት አንዴ ብቻ፣ ያለ ድጋሚ መጫወት። ክፍል መቀየር፤ ድምፁ ሲለወጥ ልጆቹ እንዲለምዱት። ደረጃ ሮጦ ወጥቶ ልብ እየመታ ወዲያው የመጀመሪያውን ኖታ መንፋት። በ2014 የወጣ የአሊሰን ውድ ብሩክስ ጥናትም አለ፤ ከመዝፈናቸው በፊት መጓጓታቸውን ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች መፍራታቸውን ከተናገሩት የተሻለ ዘፍነዋል። ሰውነት በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፤ ልብ ይመታል። ለመረጋጋት መታገል ይከብዳል፣ ስሙን መቀየር ግን ይቻላል። የደረጃውን ነገር ከልጆቼ ጋር ሠራነው። እያለከለኩ ጀመሩ፣ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በአራተኛው ቀን እያለከለኩ ጀመሩ፣ ድምፁ ጸና።

26ኛዋ ሁላችንም የረሳነውን አነሳች፤ ያን የማይታወቅ ኖታ። በየቀኑ አምስት ደቂቃ፣ ከእውነተኛው ደረጃ ቀለል ያለ አዲስ ነገር ማንበብ። ማጥኛው ደቂቃ ሲሰጥ ሥርዓት ይኑረው፦ የምት ምልክቱ፣ ቁልፉ፣ ድግግሞሹ የት እንደሆነ፣ ከባዱ ሜዠር። ከዚያ ጣት በመሣሪያው ላይ ያለ ድምፅ ይሂድ፣ አፍ ያንጎራጉር። ከተጀመረ ወዲያ መመለስ የለም። የጠፋበት ልጅ ቀጣዩን ሜዠር ይጠብቅና ይግባ።

27ኛው የ3ኛው ሰው ነው። ተመልሶ ምን እንደወሰንኩ ጠየቀ።

መልሴ ይኸው። ሙዚቃውን አልተውኩትም። 104 የተጻፈለትን ፍጥነት 92 አደረግሁት። ልጆቹን ጠርቼ ለምን ዝግ እንደሚል ነገርኳቸው፤ ቅር ያላቸው ነበሩ፣ አዳመጥኳቸው። ከአምስቱ ደረጃዎች ከላይ ሁለተኛውን አገኘን። አንዱ ዳኛ ፍሉቶቹ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ቅኝታቸው እንደወጣ ጽፈዋል። እውነት ነው፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። አዲሱን ኖታ ስናነብ ሁለት ቦታ ጠፋን፤ አልቆምንም። ትራምፔቶቹ አንድ ሙሉ ሜዠር ዝም ብለው ቀጣዩ ላይ ገቡ።

33ኛው ሜዠር ሲደርስ እኔን ያየ ልጅ አልነበረም። ከበሮው ልጅ ወደ ቱባው ዞሮ ነበር፣ የቱባው ጫማም ይንቀሳቀስ ነበር። ክላርኔቶቹ ያንን ረጅም መስመር ደርድረው ጨረሱ። ከልምምድ በኋላ ብቻዋን ትቀር የነበረችው ልጅ ኖታው ካለቀ በኋላም ጣቶቿን ከቁልፎቹ ላይ አላነሳችም።

ሰኞ ልምምድ ስንገናኝ የፌስቲቫሉን ወረቀቶች ወደ መደርደሪያ መመለስ ነበረብን። ሁለቱን መለሱ። ሦስተኛውን ማንም ከፎልደሩ አላወጣም። እኔም አልጠየቅሁም።